የማንም ልደት ያልሆነ ቁጥር

የባሌ ወንድሞችና እህት በዚህ ዓለም ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ስለነሱ የተጻፈ ይመስላቸዋል። ይህን ድሮም እጠረጥር ነበር፤ ያረጋገጥኩት ግን የአባታቸው መኪና ሬዲዮ የተቆለፈ ጊዜ ነው።

እኔ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው መናገር ከማይችሉ ሰዎች ጋር እውልና ማታ አፋቸውን መዝጋት ከማይችሉ ሰዎች ጋር አመሻለሁ። የምንኖረው በባሌ አባት ቤት ነው። አባባ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እኔና ባሌ አብረናቸው እንኖራለን፤ ማለቴ እኔ አብሬያቸው እኖራለሁ፣ ባሌ ደግሞ «ተይው እስቲ» እያለ ሶፋው ላይ ይኖራል። ሌሎቹ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ምን እንዳጎደልኩ ነግረውኝ ይሄዳሉ።

አባባ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መንዳት ተከልክለዋል። መኪናዋ ግን ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማለች። ከሰዓት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው ይወጡና የሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ግማሽ ያዞሩና ሬዲዮ ይከፍታሉ። ለመዝናናት እንዳይመስላችሁ፤ ለመሳደብ ነው። የአመሻሹን ዝግጅት የሚመራ አንድ ሰውዬ አለ፤ ራሱ ቀልዶ ራሱ የሚስቅ፣ እንግዳውን ጠይቆ ራሱ የሚመልስ። «ይሄ ደንቆሮ!» ይላሉ አባባ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ። «አሁን ይሄ ጥያቄ ነው? ማነው ማይክ የሰጠው?» ከሥራ ስመለስ ስድባቸው የግቢው በር ላይ ይቀበለኝ ነበር። ዝግጅቱ ሲያልቅ ፊታቸው ቀልቶ፣ ርቧቸው፣ ሾርባው ጨው የለውም ብለው እኔንም ሊሰድቡ ይገባሉ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ የሰው ሞኝነት የሚያንገበግበው ከኔ ሌላ አንድ ሰው ነበረ።

ሐኪማቸው አስጠንቅቆናል። «አልጋ ላይ እንዳይውሉ። በዚህ ዕድሜ አልጋ ከለመዱ አይነሱም» ብሎናል። ከአልጋ የሚያስነሳቸው ደግሞ ያ ደንቆሮ ብቻ ነበር።

ሞተር ሳይነሳ ሬዲዮ ሲከፈትበት የሚውል መኪና ባትሪው ያልቃል። አለቀ። ጉዱ የፈላው ማሙሽ ሊያድነው የመጣ ለት ነው። ማሙሽ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፣ እሱ ግን ማሙሽ ነው። ባትሪውን ፈታ፣ ወስዶ አስሞላ፣ መልሶ አሰረ፣ እጁን በንጹሕ ፎጣዬ ጠረገ። ቁልፉ ሲዞር መብራቶቹ በሩ። ሬዲዮው ላይ ግን «ኮድ» የሚል ቃልና አራት ባዶ ሰረዞች መጡ። ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ ሬዲዮ እንዲህ ነው፤ ባትሪው ሲፈታ የተሰረቀ ይመስለውና የምስጢር ቁጥሩን እስኪነግሩት ድረስ ትንፍሽ አይልም።

አባባ ወጥተው ቁልፉን አዞሩ፣ ሰረዞቹን አዩ፣ ጥቂት ጠበቁና ተመልሰው ገቡ። በማግስቱ አልወጡም። በሚቀጥለው ቀን ምሳቸውን አልጋ ላይ ጠየቁ።

ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። የጠራው የበኩር ልጃቸው ነው። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን ስሙ ሰብሳቢው ነው፤ ይህ ሰው ሻይ እንኳ አጀንዳ ሳያሲዝ አይጠጣም። የአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው፤ ክፍሉ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ የገባው ሰው የለም። ቀጥላ እታለም መጣች፤ ብቸኛዋ ሴት ልጃቸው። ለአባቷ ያላትን ፍቅር ከግቢው በር ጀምራ እያለቀሰች የምታስታውቅ፣ ግን አንድ ቀን ካልሲያቸውን አጥባ የማታውቅ ናት። ማሙሽ ነገሩ በሱ እንዳይሳበብ ከሁሉም ቀድሞ ተቀምጧል። ባሌ ሶፋው ላይ እንደነበረ ነው።

«በመጀመሪያ ደረጃ» አለ ሰብሳቢው፤ «ጥያቄው ቁጥሩ ስንት ነው የሚለው አይደለም። አባባ ቁጥሩን ሲመርጥ ምን አሰበ የሚለው ነው።»

«አባባን ለምን አንጠይቃቸውም?» አልኩ።

ሰብሳቢው ሐሳቡ ከኔ መምጣቱ ቅር እያለው ተነሳ። ተከትለነው መኝታ ቤት ገባን። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል።

«አባባ፣ የሬዲዮኑን ቁጥር ስንት ነበር ያደረግከው?»

«ምን ቁጥር?» አሉ ሳይዞሩ። «እኔ ቁጥር መርጬ አላውቅም። እንደዚያው ነው የመጣው።»

ሰብሳቢው ወደኛ ዞሮ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ረስቶታል» አለ በሹክሹክታ። ጎረቤት ድረስ የሚሰማ ሹክሹክታ ነው። እታለም አፏን በነጠላዋ ያዘች። «የኔ አባት! ይሄን ያህል?» ሰውየው እውነቱን ተናግረው ሳይጨርሱ ልጆቻቸው አርጅቷል ብለው ፈረዱባቸው። የአባባ ጀርባ ብርድ ልብሱ ሥር ትንሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ተነስተው ይሰድቧቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደቧቸውም።

ከዚያ ሰልፉ ወደ መኪናው ዞረ።

«መኪናዋን የገዛው እኔ ዲግሪ በያዝኩ ዓመት ነው» አለ ሰብሳቢው። «የበኩር ልጁ ነኝ። የሚያደርገው የኔን ልደት ነው፤ ይሄ ጥያቄ የለውም።» ደረቱን ነፍቶ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠና ቀኑንና ወሩን አስገባ። ሬዲዮው ብልጭ አለና ሰረዞቹን መለሰ። «ገባኝ፣ ወሩ ነው የሚቀድመው» አለና ገልብጦ አስገባ። ብልጭ።

«ምን አደከመህ ጋሼ?» አለች እታለም በትከሻዋ እየገፋችው። «አባባ እኮ ከኔ ሌላ ሴት ልጅ የለውም። ከእጁ አውርዶኝ ያውቃል?» የራሷን አስገባች። ሬዲዮው ይኼኔ «ጠብቁ» የሚል ጽሑፍ አወጣና ምንም ቁልፍ ቢጫን አልሰማም አለ። ማሙሽ ተራው ሳይደርሰው ስለቀረ አኮረፈ። «የመጨረሻ ልጅ እንዴት እንደሚወደድ እናንተ አታውቁትም» ብሎ የመኪናውን ጎማ በእግሩ መታ።

የባሌን ልደት ለመሞከር ማንም አላሰበም። እሱ ራሱም አላሰበም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም አባት ወዳድ ሆኑ። በሥራ ቀን ሳይቀር እየመጡ፣ አባባን ሳያዩ፣ በቀጥታ ወደ መኪናው ይሄዳሉ። አንዱ ሌላው ሳያየው ነው። ማሙሽ የተወለደበትን ቀን ሞክሮ አልሆን ሲለው ትምህርት የጨረሰበትን ሞከረ፤ ትምህርት የጨረሰበትን ቀን ማስታወሱ ራሱ ይደንቃል። እታለም የሦስቱንም ልጆቿን ልደት በተራ አዳረሰች። ሰብሳቢው የተሾመበትን ቀን አስገባ። እያንዳንዳቸው ተሳስተው ሲወጡ ፊታቸው ላይ የማየው ንዴት ሬዲዮው ስላልተከፈተ አልነበረም፤ ቁጥሩ የወንድሜ ወይም የእህቴ ይሆናል ብለው በመፍራት ነበር። እኔ ታዝቤ ሞትኩ።

እዚያ ሲፎካከሩ አባባ እዚህ ከእጃችን እየወጡ ነበር። ወደ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ጢማቸውን መላጨት ተዉ። አንድ ማታ ሆን ብዬ ጨው የሚባል ነገር ያልነካው ሾርባ አቀረብኩላቸው። እስከ ጭላጩ ጠጡትና «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። እኝህ ሰው እኔን አመስግነው አያውቁም። ያን ጊዜ ፈራሁ።

በማግስቱ መጀመሪያ የሄድኩት ከሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት ወዳለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከኮፈኑ ሥር ራሱን ሳያወጣ «እሱ ሬዲዮ አይደለም እህቴ፣ ቅርስ ነው። ንቀይና ጣይው። ስክሪን ያለው ልግጠምልሽ» አለኝ። አባባ ስክሪን ሊሰድቡ! አመስግኜው ሳይሆን ገላምጬው ወጣሁ።

ከዚያ መኪናውን ወዳስመጣው ድርጅት ሄድኩ። ወለሉ ፊት የሚያሳይ፣ ሠራተኛው ግን ፊት የማያሳይ ቢሮ ነው። ጸሐፊው ከኮምፒውተሩ ጋር እንጂ ከኔ ጋር አያወራም።

«ኮዱን የሚሰጠው ፋብሪካው ነው» አለ ለኮምፒውተሩ። «ባለቤቱ አይመርጥም። ማነው ይመረጣል ያላችሁ?»

«ቤተሰብ ነው» አልኩት።

«ስንቴ ሞክራችኋል?»

«ልጆቹ ብዙ ናቸው። ሁሉም ተወልደዋል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «እንግዲህ ተጠንቀቁ። ስህተት ሲበዛበት ጨርሶ ይዘጋል። ያኔ ትክክለኛው ኮድ ቢመጣም አይከፍተውም።» ከዚያ በቃሉ እንደያዘው ዳዊት ሳያስብ አነበነበው፦ ሬዲዮው ግራና ቀኙ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፣ ቀጭን ብረት ይገባባቸዋል፣ መያዣው ሲለቅ ወደ ፊት ይሳባል፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈ መለያ ቁጥር አለ። ያንን ቁጥርና የመኪናውን ሊብሬ ይዤ ስመጣ ኮዱን ይፈልግልኛል።

የዚያን ቀን ቤት ስደርስ እታለም የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጣቷን የሬዲዮው ቁልፍ ላይ አድርጋለች። «የሠርጌን ቀን ነው» አለችኝ እንባ እየተናነቃት። «ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰ አልነገርኩሽም?» የሷን ሠርግ እኔም አስታውሳለሁ፤ አባባ ያለቀሱት ሙዚቀኛው ስላበሳጫቸው ነው። የመኪናውን ቁልፍ ከመሪው ሥር ነቀልኩት።

«እታለም ትሙት፣ ምን ማድረግሽ ነው?» አለች፤ በራሷ ስም እየማለች።

«አንድ ስህተት ከጨመራችሁ ለዘላለም ይዘጋል። አባባም ከዚያ አልጋ አይነሱም። ገባሽ?»

«የአባቴን መኪና ቁልፍ ቀማችኝ!» ብላ እሪታዋን አቀለጠችው። ባሌ በረንዳው ላይ ብቅ አለ። «ተይው እስቲ» አለ። ለማንኛችን እንዳለው አልገባኝም። ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ የሚያወጣው ወንድ እዚያ ቤት ውስጥ አልተፈጠረም።

ሬዲዮውን ያወጣሁት እሑድ ጠዋት ነው። ከሥራ ቦታዬ የተጣሉ አራት ያረጁ የጥርስ መመርመሪያዎች አምጥቼ ጫፋቸውን አቃናሁ፤ በአራቱ ቀዳዳዎች እያስገባሁ ቀጭ እስኪል ገፋሁ። ከዚያ ግራና ቀኝ ትንሽ እየነቀነቅሁ ሳብኩት። የመንጋጋ ጥርስ ከዚህ የባሰ ያስቸግራል። ከነሽቦው ተንጠልጥሎ ወጣ፤ ጎኑ ላይ አቧራ የሸፈነው ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ፊደልና ቁጥር። በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና መልሼ ገፍቼ አስገባሁት። ማሙሽ ከኋላዬ ቆሞ «ተጠንቀቂ፣ እንዳታበላሺው» ይለኝ ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

የቀረው ሊብሬው ነው። ሊብሬው ያለው ሰብሳቢው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እናታቸው የሞቱ ሰሞን «ለጥንቃቄ» ብሎ ወስዶታል። ስደውልለት ድምፁ ተለወጠ።

«ሊብሬ ለምን አስፈለገሽ?»

«ለኮዱ ነው ጋሼ።»

«ለኮድ ሊብሬ ይጠየቃል እንዴ? መኪናዋን የሚመለከት ጉዳይ ካለ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነው የሚወስነው።»

አባቱ አልጋ ላይ እየሟሸሹ እሱ አንዲት ያረጀች መኪና ልሰርቀው ነው ብሎ ይሰጋል። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ሐሳቤን ቀየርኩ። እንዲህ ያለውን ሰው ብትሰድበው ስብሰባ ይጠራል፤ ብታሞግሰው ግን አፍንጫውን ይዘህ ትወስደዋለህ።

«እኔማ ሄጄ ነበር ጋሼ» አልኩ ድምፄን አለስልሼ። «እዚያ ግን ሰው አድርገው አላዩኝም። ኃላፊነት ያለው ሰው ይምጣ ነው የሚሉት። አንተ ብትሄድ መቼም አያስቆሙህም።»

ልቡ ሲያብጥ በስልክ ሰማሁት።

«ድሮስ እኔን መላክ ነበረባችሁ» አለ።

በማግስቱ ሱፉን ለብሶ፣ ሊብሬውን በቆዳ ቦርሳ ይዞ መጣ። ድርጅቱ ውስጥ ስለ ደንበኛ አያያዝ ረጅም፣ እጅ እግር የሌለው ንግግር አደረገ። ጸሐፊው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም። እኔ በመካከሉ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ጸሐፊው ከፎቶው ላይ መለያ ቁጥሩን ገለበጠ፣ ሊብሬውን አየ፣ አታሚው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተፋ። አራት አሃዝ። ሰብሳቢው ቀድሞ አነሳትና ትክ ብሎ አያት። አራቱም ቁጥሮች እዚያ ነበሩ፤ እሱ የትም አልነበረም።

መንገዱን ሙሉ ብጣሿን ወረቀት ሲያገላብጥ መጣ። አመሻሹ ላይ ቤት ልንደርስ ስንል «ታውቂያለሽ» አለኝ፤ «ቁጥሮቹ ቢደመሩ እኔ የተወለድኩበት ቀን ይመጣሉ።» ደመርኩት። አይመጣም። ሰውን ዝም ብሎ መናቅም የሚያደክምበት ጊዜ አለ፤ መስኮቱን ከፍቼ ውጭ ውጭውን አየሁ።

ግቢው ውስጥ እታለምና ማሙሽ ይጠብቃሉ። ሰብሳቢው «አስከፍቼዋለሁ!» ብሎ ወረደ። ቁልፉን ከደረቴ አውጥቼ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንንም አላስጠጋሁም። የመጀመሪያውን ቁልፍ የመጀመሪያው አሃዝ እስኪመጣ፣ ሁለተኛውን ሁለተኛው እስኪመጣ እየደጋገምኩ ተጫንኩ። አራቱ ሰረዞች ሞሉ። የማረጋገጫውን ቁልፍ ስጫን ትንሽ ጭጭ አለና ያ ሰውዬ በራሱ ቀልድ እየሳቀ መኪናውን ሞላው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል የደንቆሮ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ድምፁን እስከ ጥጉ ከፍቼ፣ የመኪናውን አራቱንም በሮች በርግጄ ወደ አባባ ክፍል ሮጥኩ። መስኮቱን ከፈትኩላቸው።

«አባባ፣ ይስሙ።»

መጀመሪያ አልተንቀሳቀሱም። ሰውዬው ለአንዲት እንግዳ የጠየቃትን ራሱ መለሰላት። የአባባ ራስ ከትራሱ ቀና አለ።

«ይሄ ደንቆሮ» አሉ በተሰበረ ድምፅ፤ «እስካሁን አላባረሩትም?»

ከዘራቸውን አቀበልኳቸው። እግራቸው ከዳቸው፤ በብብታቸው ያዝኳቸው። ኮሪደሩ ላይ ሁለቴ ቆምን። ሰውነታቸው ቀልሎ ነበር፤ ያን ሁሉ ቀን የበሉት የት እንደገባ እንጃ። በረንዳው ላይ ሲደርሱ ግን አዲስ ስድብ ጀምረው ስለነበር ደረጃውን እየተናደዱ ወረዱት። የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ በራቸውን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ።

ሰብሳቢው ወዲያው ዞሮ ከጎናቸው ገባ። እታለምና ማሙሽ ከኋላ ተጣበቁ። እኔም በግራ በኩል ባለችው ክፍተት ከእታለም ጎን ተሸጎጥኩ፤ ባሌ እንኳ ሶፋውን ትቶ መጥቶ በመስኮት ራሱን አስገባ። «አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ ሄጄ ያስከፈትኩት» አለ ሰብሳቢው። «አባባዬ፣ ስንት ቀን አለቀስኩልህ መሰለህ!» አለች እታለም። «ባትሪው አሁን አዲስ ነው ማለት ይቻላል» አለ ማሙሽ። ሰውዬው በሬዲዮ ምን እንዳለ የሰማ የለም። እኔ በኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ ዓይናቸውን እየጠበቅሁ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያዩኝ፣ ማን እንደሠራው እንደሚያውቁ እንዲያሳዩኝ ብቻ ፈልጌ ነበር። እነዚህን ሁሉ እንደኔው እንደሚንቋቸው በዓይናቸው ቢነግሩኝ ይበቃኝ ነበር።

አባባ ሬዲዮውን አጠፉት።

«ውረዱ» አሉ።

«አባባ፣ እኛ እኮ...»

«ውረዱ ብያለሁ! ሰው ከናንተ የሚሸሸው የት ነው? ይቺን አንዲት ወንበርም ልትከለክሉኝ ነው?»

ሰብሳቢው ወረደ። እታለምና ማሙሽ በወዲያኛው በር እየተጋፉ ወረዱ። ባሌ ራሱን ከመስኮቱ አወጣ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ይህ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም ነበር፤ እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ።

በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

«አንቺም» አሉ።

ወረድኩ። በሩን ዘጋሁ። የበራቸውን መስኮት እያዞሩ እስከ ላይ ድረስ ዘጉትና ሬዲዮውን መልሰው ከፈቱ። ትንሽ ቆይቶ መዳፋቸው መሪው ላይ ሲያርፍ፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ፣ ፊታቸው ሲቀላ አየን። ተነስተዋል፤ የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከፋኝ።

«ምን አደረግነው?» አለች እታለም አጠገቤ፣ በመሐረቧ ዓይኗን እየጠረገች። ለሷ የሚሆን የሚያቃጥል መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን እኔም ከነሱ ጋር እኩል ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ ነበር።